የጭቃው ጌታና የማታዋ ውታፍ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጭቃ እያስረገጠ የሚኖር ባለጠጋ።

ቆይ አዝመራው፣ ፊትህን አታጥቁርብኝ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «አባ፣ ሁዳዴው ከገባ ወዲህ ቅቤ ቤቴ አልገባም፤ በፍስኩም ቢሆን ሥጋ የማገኘው ለዓመት በዓል ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አላጓደልኩም። ታዲያ ይህ ኮሌስትሮል የሚሉት ስብ ከየት መጥቶ ደሜ ውስጥ ገባ? ደግሞስ ምንም ሳያመኝ ዕድሜ ልኬን ክኒን የምውጠው ለምንድን ነው?» ነው ያልከኝ። ያላልከኝንም ሰምቻለሁ። የንስሐ አባትህ ነኝ፤ አውቅሃለሁ። የመጣኸው እኔ «ተወው ልጄ፣ ጾሙ ይበቃሃል» እንድልህ ነው። ሐኪሟ ያዘዘችልህ መድኃኒት ይኸው ኮትህ ኪስ ውስጥ ከነካርቶኑ ተቀምጧል፤ ገና አልተከፈተም። እንግዲያው ምሳሌዬን ስማ። ስጨርስ ተወው ማለት ይገባኝ እንደሆነ አንተው ትፈርዳለህ።

ያ ባለጠጋ ከተራራ ሥር ባለች መንደር ራስጌ ይኖር ነበር። ውሃው ከምንጩ ወጥቶ በቦይ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው የእርሱን ግቢ ነው። ግቢው በዳገቱ ጎን እስከ መንደሩ ታች የተዘረጋ ነውና፣ ውሃው መንደሩን እንደ መቀነት ዞሮ ተመልሶ በዚያው ግቢ ግርጌ በኩል ይወጣል። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ይህን ከአሁኑ ያዝልኝ። ክፉ ሰው ያለበት ምሳሌ ለተናጋሪው ይቀላል፤ ክፉውን ታስረዋለህ፣ ነገሩም ያልቃል። ይህኛው ግን ደግ ነበር፤ ደግነቱ ልክ አጣ እንጂ።

በዚያች መንደር ቤቱ ሁሉ የጭቃ ቤት ነው። ያልተመረገ ግድግዳ ነፋስ ያስገባል፤ የተመረገውም ክረምት ባለፈ ቁጥር ይሰነጠቅና እንደገና መመረግ ይፈልጋል። ስለዚህ «ጭቃ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ቢኖር በዚያ አገር እብድ ነው። ባለጠጋው በግቢው ውስጥ ሰፊ ጉድጓድ አስቆፍሯል። አፈርና ጭድ ይጨመርበታል፤ ውሃ ከቦዩ በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ይገባለታል፤ ፀሐይ አዘቅዝቃ ሙቀቱ ሲበርድ በሬዎች ገብተው ይረግጡታል። የላመውን ጭቃ በቅል እስከ ግማሽ ያስሞላና ቅሉን ወትፎ በቦዩ ላይ ይለቀዋል። መንገዱ አህያ የሚያንሸራትት ቁልቁለት ነው፤ ውሃው ግን ቅሉን ያለ ድካም እያንሳፈፈ ያወርደዋል። ግድግዳ የሚመርግ ሰው ቅሉ በደጁ ሲያልፍ ያወጣል። የዚያ አገር ልማድ ይህ ነው። ሌላ አገር እንዲህ ሲደረግ አይተህ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ያየሁት በምሳሌ ነው።

የባለጠጋው አባት ሲሞት ልጁን አንድ ቃል አስምሎት ነበር። «ከዚህ ደጅ ማንም ጭቃ አጣሁ ብሎ እንዳይመለስ!» አለው። ልጁም መሐላውን አከበረ፤ ከልክ በላይ አከበረ። መንደሩ ሲመርግ ይልካል፤ መንደሩ ሳይመርግም ይልካል። አንድ ሰው ጎጆ ሲቀልስ ያየ እንደሆነ ለከተማ የሚበቃ ጭቃ ያስረግጣል። ፈላጊ ያጣው ቅል ታዲያ ምን ይሆናል? መንደሩን እየዞረ ይንሳፈፋል። ሌላው በግቢው ግርጌ ተከማችቶ ቦዩን ያጨናንቃል፤ ሌላው መታጠፊያ ላይ ካለ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ይሰበራል፤ ጭቃው ዳር ላይ ይለጠፋል። ዛሬ ጭብጥ ታህላለች። ነገ ሌላ ጭብጥ ትደረብባታለች።

በመንደሩ መካከል አንዲት ማሳ ነበረች፤ የዘር ማሳ ይሏታል። የከርሞ ዘር የሚገኘው ከእርሷ ብቻ ነው፤ እርሷ አንድ ጊዜ ከደረቀች የመንደሩ ማሳ ሁሉ ጦሙን ያድራል። ይህች ማሳ የምትጠጣው ከትልቁ ቦይ በሚገነጠሉ ሦስት ቀጫጭን ቦዮች ነበር። ጭቃው ደግሞ መለጠፍ የወደደው በእነዚያው በቀጫጭኖቹ ውስጥ ሆነ።

ማንም አላየም። እንዴት ይታያቸው? ውሃው ይወርዳል፣ ማሳዋ አረንጓዴ ናት። በዳርና በዳር የተለጠፈው ጭቃ ከላይ ቅርፊት ይዟል፣ ሣር አብቅሏል፤ ሲያዩት የድሮ ዳር ይመስላል። ውስጡ ግን እንደ ገንፎ የላላ ነበር። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ሲባል እየሰማህ አድገሃል አይደል? ይኸው ነው።

አንድ ጠዋት ከሸንተረሩ ማዶ ካለችው መንደር የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። የእነዚያም ልማድ እንደ እነዚህ ነበር፤ ጭቃ በቅል ይልኩ ነበር። ቦያቸው ጠብቦ አልዘጋባቸውም፤ ለዓመታት ጠብቦም ይወርድ ነበር። የዘጋባቸው ያ ሣር ያበቀለው ቅርፊት ድንገት ሲፈነዳ ነው። የላላው ጭቃ ተንዶ ቀጭኑን ቦይ በአንድ ጊዜ ደፈነው። ሰው አካፋ ይዞ እስኪደርስ የዘር ማሳቸው በፀሐይ ተበልታ አለቀች። ትናንት ማታ በዚያች ማሳ ዳር ተቀምጠው ሲጫወቱ ነበር አሉ፤ ምንም ምልክት አላዩም።

ይህን ጊዜ የእኛዎቹ መንደር የውሃ አባት ተነሣ። የውሃ አባት ማለት ውሃውን በተራ የሚያካፍል፣ ቦዩን የሚያስጠርግ፣ ሲጣሉ የሚያስታርቅ፣ መንደሩ የመረጠው ሰው ነው። ዱላውን ይዞ ወደ ቀጫጭኖቹ ቦዮች ወረደና ዳሩን ወጋ አደረገው። ዱላው እስከ እጀታው ገባ። ሰውየው ዱላውን ሳያወጣው እዚያው ቆሞ ቀረ። ልጆቹ የሚዘሩት ዘር ያለው በዚህች ማሳ ውስጥ ነው።

መንደሩን ቦዩ ዳር ሰበሰበ። «ጎበዝ፣ ማዶ የሆነው በእኛም ላይ ቆሟል፤ ዳሩ ውስጡ ላልቷል» አላቸው።

«እንቆፍረውና እናውጣው!» አሉ ጎረምሶቹ።

«ብትነኩት አሁኑኑ ይናዳል» አላቸው።

አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ጥፋቱ የነጋዴዎቹ ነው። ለጭቃ የሚሆን ቀይ አፈር ከቆላ በአህያ እየጫኑ የሚያስገቡት እነርሱ ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ የውጭ አፈር መንደራችን አይግባ» አሉ። ሕዝቡም በአንድ ድምፅ «አይግባ!» አለ። አፈሩ ተከለከለ። ነጋዴው እያጉረመረመ ተመለሰ፣ መንደሩም የራሱን ጨዋነት እያመሰገነ ተኛ።

እዚህ ላይ ነው ያንተ ነገር አዝመራው፤ ጆሮህን ስጠኝ። ክልከላው መጥፎ አልነበረም። ቅሉ ቀነስ ብሎ ነበር። ባለጠጋው ግን ይህን ሲሰማ ምን አለ መሰለህ? «ወገኔ አፈር ተከልክሎ ሊቸገር ነው! የአባቴ መሐላስ?» ብሎ ሁለት በሬ ጨመረ። ከውጭ የቀረውን ከውስጥ ተካው። መንደሩ አፈር ጾሞ ጾሞ፣ በቦዩ ላይ የሚንሳፈፈው ቅል ያው ሊሆን ትንሽ ቀረው። ሰዎቹ ግራ ገባቸው። «አፈር አናስገባም፤ ታዲያ ይህ ጭቃ ከየት ይመጣል?» እያሉ እርስ በርስ ይጠያየቁ ጀመር። ልክ አንተ እኔን እንደጠየቅከኝ። ማንም ቀና ብሎ ወደ ራስጌው ግቢ አላየም፤ የሚያኮራቸው ቤት ነዋ! በሚያኮራ ቤት ላይ ማን ጣቱን ይቀስራል?

የውሃ አባቱ ቀሰረ። ዳገቱን ወጥቶ ባለጠጋው ፊት ቆመና፣ «ጌታዬ፣ ጭቃህ በዝቷል፤ ቀንስልን» አለው።

ባለጠጋው ተቆጣ። «እኔ ሰው ልጥቀም ባልኩ? አንተ ቦይህን ጥረግ!»

«ጌታዬ፣ የዘር ማሳዋ ከሞተች በጭቃህ ቤቱን የሚመርግ ሰው አይኖርም፤ ሁላችንም ተሰደን አንተ ብቻህን ከቅሎችህ ጋር ትቀራለህ።»

ባለጠጋው ቀና ብሎ ወደ ሸንተረሩ አየ። ማዶ ሲለቀስ እርሱም ሰምቷል። ቢሆንም መሐላው ያዘው። በመጨረሻ፣ «እንግዲያው ሞክር። ቤቴ ጭቃ አጣ የተባለ ቀን ግን ከውሃ አባትነትህ ትወርዳለህ፤ ከመንደሩም ትወጣለህ» አለው።

የውሃ አባቱ በሬዎቹን አልፈታም፤ ጉድጓዱንም አልደፈነም። ጭቃ ጨርሶ ከጠፋ የመንደሩ ግድግዳ እንደሚፈርስ ያውቃል። ያደረገው ምን እንደሆነ ልንገርህ። ከቃጫ አንዲት ጣት የምታህል ውታፍ ጠቀለለ፤ ወደ ጉድጓዱ ውሃ የምታስገባውን ቀዳዳ በእርሷ ወተፋት። ይኸው ነው። ወንድ ልጅ ዳገት ወጥቶ፣ ሹመቱን አስይዞ፣ ያደረገው ይህን ብቻ ነው። ያዩት ሎሌዎች ሳቁበት። «ይህን ሁሉ በሬ በቃጫ ሊያቆመው!» አሉ።

በሬዎቹ ይረግጣሉ፤ ውሃ ግን የሚገባው በጠብታ ነው። ጭቃው አነሰ። ውታፏ ውሃ ውስጥ ስለምትውል ታልቃለች፤ በማግሥቱ ትላላለች፣ ተሸርሽራ ትወጣለች። ስለዚህ የውሃ አባቱ በየማታው ዳገቱን እየወጣ አዲስ ውታፍ ይወትፋል። ሲዘንብም ይወጣል፣ በዓል ሲሆንም ይወጣል።

ጥቂት ሰነበተና የባለጠጋው ቤት ራሱ ተቸገረ። የእልፍኙ ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ ለመምረግ ጭቃ ሲፈለግ ጉድጓዱ ነጥፏል። ባለጠጋው ራሱን ይዞ ጮኸ። «ጠፋሁ! ከአባቴ ቤት ጭቃ ጠፋ! ያንን ሰው ጥሩልኝ፤ ዛሬውኑ አገሩን ይልቀቅ!» የውሃ አባቱም ተጠርቶ መጣና ግቢው መካከል ቆመ። የውሃ አባቱ ሚስት እቤቷ ዕቃ መሸከፍ ጀምራለች። ማዶ ያለቀሱት ሰዎች ፊት በዓይኑ ይመላለሳል።

የባለጠጋው ሚስት በዚያን ጊዜ በግቢው ግርጌ በኩል ቆማ ነበር። ብዙ የማትናገር፣ ስትናገር ግን የምትቆርጥ ሴት ናት። ቁልቁል ወደ ቦዩ አየችና፣ «አንተ ሰውዬ!» ብላ ባሏን ጠራችው። «ጭቃ ጠፋ ብለህ አገር ታሸብራለህ። ይኸ ከእግራችን ሥር ተከማችቶ የሚጋጨው ቅል የማን ነው?»

ባለጠጋው መጥቶ አየ። የራሱ ቅል ነው። ከራስጌ የሰደደው መንደሩን ዞሮ ፈላጊ አጥቶ እግሩ ሥር ተከምሯል።

«በራስጌ ስንሰድ ኖርን፤ በግርጌ አስገብተን ግን አናውቅም» አለች። «እነዚህ የግርጌ በሮች ለምን ተሠሩ? ክፈቷቸው!»

በሮቹ ነበሩ። ጭቃ ተርፎ ስለኖረ ማንም አልፈለጋቸውምና ሐረግ ለብሰው ተረስተዋል። ሎሌዎቹ ሐረጉን መንጭቀው አንዱን ከፈቱ። ከዚያ ሁለተኛውን፤ ከዚያ በግርጌ በኩል ያለውን በር ሁሉ ብርግድ አደረጉት። በየበሩ ቆመው ቅሉን በመንጠቆ እየሳቡ ወደ ግቢ አስገቡ፤ በውስጡ ባለው ጭቃ የእልፍኙን ግድግዳ መረጉ። ጭቃው በቃቸው። ባለጠጋውም የውሃ አባቱን «ሂድ» ሊል የከፈተውን አፍ መልሶ ገጠመው።

ተመልከት እንግዲህ! አንዲት ቃጫ ሁለት ሥራ ሠራች። በአንድ በኩል አዲሱን ጭቃ ቀነሰች፤ በሌላ በኩል ቤቱን ስላስራበችው ቤቱ ራሱ በሩን ከፍቶ የድሮውን ቅል ከቦዩ ለቀመ። መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ ሊጠርገው ያልቻለውን ቦይ ራሱ ያቆሸሸው ቤት ጠረገው። እኔ ይህን ነገር መጀመሪያ ስሰማ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ አጨብጭቤያለሁ።

በግርጌው ቅሉ ሲነሣ ውሃው መንደሩን ለቀቅ ብሎ መዞር ጀመረ። የሚንሳፈፈው አነሰ፤ ዳር ላይ የሚሰበረውም አነሰ። አሮጌው የተለጠፈ ጭቃ ሁሉ ተጠርጎ ሄደ አልልህም፤ አልሄደም፤ ጥቂት ቢሟሽሽ ነው። ግን አዲስ እርጥብ ስላልተደረበበት ውስጡ እየጠጠረ ሄደ። የውሃ አባቱ አንድ ቀን ዱላውን ይዞ ወርዶ ዳሩን ወጋው። ዱላው አልገባም። ሰውየው ዱላውን ወደ ሰማይ ወርውሮ እንደ ሕፃን ዘለለ፤ ያዩት ሴቶች አበደ ብለው ሸሹ አሉ።

ይህ ሁሉ ሆኖ መንደሩ ሊሳሳት ነበር። ውሃው ሲጠራ ጊዜ፣ «አሁንማ ድነናል፤ ይህች ውታፍ ምን ትሠራለች?» አሉ። ለአንድ ታላቅ በዓል የውሃ አባቱን አስቀምጠው ሲያበሉ ሲያጠጡት ከረሙ፤ «ዛሬስ አትውጣ፣ ነገስ አትውጣ» እያሉ። ውታፏ ተሸርሽራ ወጣች። ውሃ ወደ ጉድጓዱ ገባ፤ በሬዎቹ ረገጡ፤ የባለጠጋው ቤት ጭቃ ሲተርፈው የግርጌ በሮቹን አንድ በአንድ ዘጋ። በዓሉ ሳያልቅ ውሃ ልትቀዳ ከወረደች ሴት እንስራ ጋር አንዲት ቅል ተጋጨች። ሴትዮዋ ቅሉን አንሥታ ይዛው መጣችና ከመሶቡ አጠገብ ቁጭ አደረገችው። «እንኳን አደረሳችሁ፤ እንግዳ መጥቶላችኋል» አለቻቸው። የውሃ አባቱ ቁራሹን ጥሎ ዳገቱን በሩጫ ወጣ። ያን ቀን ነው ነገሩ ለመንደሩ የገባው፤ ውሃው የጠራው ከውታፏ ጋር ነው እንጂ ያለ እርሷ አይደለም።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። አዛውንቱ እንኳ እንዲህ ያለ አይተው አያውቁም። ሰማዩ ተቀዶ ወረደ፤ ጎርፉ ከተራራው ግንድ እየነቀለ ወደ ቦዩ ገባ። ሕዝቡ አካፋና ዶማ ይዞ፣ ጆንያ ተከናንቦ በቦዩ ዳር ተሰለፈ። ሁሉም የሚያየው ወደ ሦስቱ ቀጫጭን ቦዮች ነው። ማዶማ ዳሩ የተናደው ያለ ጎርፍ ነበር። ውሃው እየደፈረሰ፣ እያጓራ መጣና ዳሩን መታው። ዳሩ ቻለ። ሁለተኛ መታው፤ ቻለ። ውሃው በቀጫጭኖቹ ቦዮች ውስጥ እየዘለለ ወርዶ የዘር ማሳዋ ውስጥ ገባ፤ ትርፉም በተፋሰሱ ወጣ።

መጀመሪያ እልል ያለችው ያች ቅሉን ያመጣችው ሴት ናት። ከዚያ እልልታው ከደጅ ወደ ደጅ ተቀባበለ፤ ነጎድጓዱ እንኳ አልተሰማም ይላሉ። ወንዶቹ በዝናብ ውስጥ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ጨፈሩ። ባለጠጋውም ከነካባው ጭቃ ውስጥ ወርዶ አብሮ ጨፈረ፤ የውሃ አባቱን በትከሻው ተሸክሞ። «አባቴ ማንም ጭቃ አጣሁ ብሎ አይመለስ አለኝ፤ ይኸው ማንም አልተመለሰም! ማንም ውሃ አጣሁ ብሎም አልተመለሰም!» እያለ ይጮኽ ነበር። በመኸር የዘር ማሳዋ እንደ ልማዷ ሰጠች፤ ከዘሯም ተቆንጥሮ በአህያ ሸንተረሩን ተሻገረ፤ የማዶዋም መንደር በዚያ ዘር እንደገና አረሰች። ከዚያ ወዲህ ውታፏን በየማታው የሚወትፋት ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ባለጠጋው ራሱ ነው። ለማንም አልሰጥም አለ።

እንግዲህ አዝመራው፣ ወዳንተ ልመለስ።

ባለጠጋው ጉበትህ ነው። ኮሌስትሮሉ ጭቃው ነው፤ የሰውነትህ ግድግዳ ያለ እርሱ አይቆምም፤ ስለዚህ ደግ ነገር ነው፣ ልኩ ሲያልፍ እንጂ። ቅሉ ስቡን በደም ላይ ተሸክሞ የሚዞረው ነው። ቦዩ የደም ሥርህ፣ የዘር ማሳዋ ልብህ ናት፤ ልብም ራሷ የምትጠጣው በቀጫጭን ሥሮች ነው። «ሳልበላው ከየት መጣ?» አልከኝ። የአብዛኛው ምንጭ ከገበታህ አይደለም፤ ከራስጌው ግቢ ነው። ለአንዳንዱ ሰው ደግሞ ከእናት ከአባቱ የወረሰው ጉበት የግርጌ በሩ ጥቂት ነው። ጾምህ ለነፍስህ ነው፤ ለቦይህም ይረዳል፣ አልከለክልህም። ግን ጉበትህ ጾም የሚይዝ መሰለህ? አንተ ስትጾም እርሱ በሬ ይጨምራል!

ክኒኗ ያች ውታፍ ናት። ጉበትህ ስብ የሚያቦካባትን ቀዳዳ ታጠብባለች። ጉበትህም ሲቸግረው በሩን ከፍቶ በደምህ የሚዞረውን ይለቅማል። በሥርህ ዳር የተለጠፈውም እየጠጠረ ይሄዳል፤ የመናዱ ነገር ይቀንሳል። ሞትን ጨርሳ ታስቀራለች አላልኩህም፤ እርሱን የምታስቀር ክኒን ገና አልተሠራችም። የመምጫውን በር ግን ታጠብባለች። እግርህን አንቀሳቅስ፤ ውታፍ አለ ብለህም ጮማ ላይ አትዝመት። ጡንቻህን ካመመህ ወይም ያላወቅኸው ነገር ከተሰማህ ለሐኪሟ ንገራት፤ ትለውጥልሃለች ወይም መጠኑን ታስተካክላለች። ራስህ ዳኛ ሆነህ ግን አታቋርጥ። ጾሙን ትሽርብኛለች እንዳትለኝ ደግሞ፤ ማታ የምትዋጥ ናት፤ ቀንም ብትሆን መድኃኒት ናት፤ እኔ አባትህ ፈቅጄልሃለሁ።

«ምንም አላመመኝም» አልከኝ። ይህን ቃል ስትናገር ዓይንህን ከእኔ አሸሸህ፤ ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ወንድምህ ስንሻውም አላመመውም ነበር። አውድማ ላይ እህል ሲያበራይ እየዘፈነ ነበር የወደቀው። የቀበርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ዱላውን ይዞ ዳሩን የሚወጋለት ሰው አላገኘም። አንተ ግን አግኝተሃል፤ ሐኪሟ ደምህን ቀድታ ዳሩ ላልቷል ብላሃለች። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። የስንሻው ልጅ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር አይደለም? አባት ሆኖ የሚመርቃት፣ ከቤት የሚያወጣት ማን ነው? አንተ ነህ። የዚያች ልጅ የዘር ማሳ ዛሬ ያንተ ደረት ውስጥ ናት።

አሁን ፍረድ። ተወው ልበልህ?

አዎ፤ እንዲህ ነው እንጂ። ክፈተው ካርቶኑን። ቆይ፣ ብቻህን አትውጥም፤ እኔም የራሴ አለችኝ፤ ከቀሚሴ ኪስ ናት። ይህን ምሳሌ ከሜዳ ያመጣሁት መሰለህ? ያችው ሐኪም ለእኔም አዛልኝ፣ ጉበትና ደም ሥር እየሣለች ስታስረዳኝ ነው ጭቃውና ቅሉ የታየኝ። ይኸው ሰባተኛ ዓመቴን ይዤ ዳገት እወጣለሁ፣ ቅዳሴ እቆማለሁ። እንካ ውሃውን። አማትብ። ዋጥ።

ነገም ማታ እንዲሁ፤ ከነገ ወዲያም። ልጅቷ ስትዳር እኔ እመርቃለሁ፣ አንተ ትጨፍራለህ፤ ከነካባህ!

አሁን ጣትህን እዚህ የእጅህ አንጓ ላይ አድርግ። ተው፣ ጠበቅ አታድርገው። ይመታልሃል? ማሳዋ እየጠጣች ነው።